ተፈታኟ ከክፍሉ አልወጣችም

ጋሼ ደቂቃ ሲወለድ እናቱ ሌላ ስም አውጥታለት ይሆናል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ግን ያንን ስም የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፈተና ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ አለ ይባላል፤ እሱ ግን የውሃውን መቅጠን መጀመሪያ ለክቶ፣ ሰዓቱን መዝግቦ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ነው የሚጣላው። አጤሬራ ከካልሲ ውስጥ አውጥቷል፣ ከውሃ ጠርሙስ ወረቀት ጀርባ አንብቧል፣ አንዴ ደግሞ እጁ ተሰብሯል በተባለ ልጅ ጀሶ ላይ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት ከአንደኛው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ተጽፎ አግኝቷል። የልጁ እጅ በእርግጥም ተሰብሮ ነበር። ይህም መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

መዝገቡ የጋሼ ደቂቃ ኩራት ነው። ሌሎች ተቆጣጣሪዎች «ፈተናው በሰላም ተጠናቋል» ብለው በአንድ መስመር የሚገላገሉትን የፈተና ውሎ መዝገብ እሱ አምስትና ስድስት ገጽ ይሞላዋል። ማን በስንት ሰዓት ሽንት ቤት እንደሄደ፣ በስንት ሰዓት እንደተመለሰ፣ ሲመለስ ፊቱ ላይ ከመጠን ያለፈ እፎይታ ይታይ እንደነበር ሁሉ ይጽፋል። አሁን ምክትል ዲን ሆኖ በመኪና የሚሄደው ሰውዬ እንኳ ከሃያ ዓመት በፊት ክራባቱ ውስጥ ሰፍቶ ያመጣውን ቀመር ሲያነብ በዚሁ ሰው እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ሁለቱም አልረሱትም፤ ሁለቱም አያነሱትም። ሲገናኙ ምክትል ዲኑ ሳያስበው ክራባቱን ይነካካል።

አንድ ቀን የድጋፍ አስተባባሪዋ ቢሮው መጣች። አስተባባሪዋ ማየት የተሳናቸውን፣ መራመድ የከበዳቸውን፣ የታመሙትንም ተማሪዎች ሁሉ እንድትደግፍ የተቀጠረች ወጣት ሴት ነች። ለዚህ ሥራ የተሰጣት ክፍል ደረጃ ሥር ያለ ጎድጓዳ ነው፤ ለመግባት አራት ደረጃ መውረድ፣ ከዚያም ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱት ተማሪዎች ከላይ ሆነው ይጣሯታል፣ እሷ ትወጣላቸዋለች። ዩኒቨርሲቲው ይህን በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ «ቢሮ ተከፍቷል» ብሎ አስፍሮታል።

«ጋሼ፣ አንድ ተማሪ አለችኝ» አለች። «የሚጥል በሽታ አለባት። ሃይድሮሊክስ ለብቻዋ ክፍል ውስጥ እንድትፈተን ተፈቅዶላታል፤ ተቆጣጣሪ አጣሁላት።»

«ስንቱን ጠየቅሽ?»

«ስድስት ሰው።»

«ምን አሉ?»

«አንዱ እጄ ላይ ብትሞትብኝስ አለ። አንዱ ይጋባል ወይ አለ። የአራቱ እናት በአንድ ቀን ታመመች።»

ጋሼ ደቂቃ ብዕሩን አስቀመጠ። አስተባባሪዋ ነገሩን አስረዳችው። ልጅቷ የውሃ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነች፤ ሃይድሮሊክስ ብቻ ነው የቀራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትፈተን ሦስት መቶ ተማሪ በታጨቀበት አዳራሽ ወደቀች። አዳራሹ ተተራመሰ፣ ጥበቃው አፏ ውስጥ ማንኪያ ካልከተትኩ ብሎ የፊት ጥርሷን ሰበረላት፣ ፈተናውም «ተቋርጧል» ተብሎ ተሰረዘባት። ሁለተኛ ጊዜ ጨርሶ አልወደቀችም፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፍዝዝ ብላ ቀረች እንጂ። ደግ ተቆጣጣሪ ነበርና አዝኖላት እጇን ይዞ ንጹሕ አየር እንድታገኝ ወደ ውጭ አወጣት። በደንቡ ደግሞ ከፈተና ክፍል ያለ ፈቃድ የወጣ ተፈታኝ አይመለስም። የሰውዬው ደግነት ሁለተኛውን ዕድሏን በላባት። አሁን የቀራት ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ይህ ካመለጣት ትባረራለች፣ አራት ዓመቷም ገደል ገባ ማለት ነው።

«ሐኪሟ ጽፎላታል» አለች አስተባባሪዋ። «ብትወድቅ፣ ከአምስት ደቂቃ በታች ከሆነና ከነቃች ሆስፒታል አያስፈልጋትም፤ ከፈለገች መቀጠል ትችላለች። የጠፋባት ሰዓት ብቻ ይመለስላት ነው የምንለው።»

ጋሼ ደቂቃ እውነት ለመናገር አንድም ቃል አላመነም። ብቻዋን ክፍል? ተጨማሪ ሰዓት? ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠብቀው የነበረ ምርጥ የኩረጃ ዘዴ በመጨረሻ የመጣ መሰለው፤ ይህን የፈለሰፈችውን ልጅ በዓይኑ ለማየት ጓጓ።

«እሺ፣ እኔ እቆጣጠራታለሁ» አለ።

አስተባባሪዋ ልትስመው ምንም አልቀራት። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠችው፤ ተማሪ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ፣ ምን እንደማይደረግ የሚዘረዝር ነው። ጋሼ ደቂቃ ገለባበጠው። ማህተም የለውም። ማህተም የሌለው ወረቀት አንብቦ አያውቅም፤ እሷ ስትወጣ አራት ቦታ አጥፎ የሚነቃነቀውን የጠረጴዛ እግር ደገፈበት።

የፈተናው ዕለት የተሰጣቸው ክፍል የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል የካርታ ማስቀመጫ ነበር። ተጠቅልለው የቆሙ ካርታዎች፣ አንድ የተሰነጠቀ ሉል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት። የሚብለጨለጨው መብራት ልጅቷን እንዳይረብሻት ይጠገን ተብሎ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር፤ ኤሌክትሪሻኑ አምፖሉን ነቅሎ ይዞ ሄደ። ችግሩ በዚህ መልክ ተፈትቷል።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር መጣች። ቀጭን፣ ረዥም፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ የጠመጠመች፣ ስትስቅ የተሸረፈው ጥርሷ የሚታይ። እናትየዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ጋሼ ደቂቃ ቦርሳው ይፈተሽ አለ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ማንኪያ ተገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለልጄ ነው። ስትወድቅ ጥርሷ እንዳይገጥም» አለች እናትየዋ። «አሥር ዓመት ሙሉ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም።»

ጋሼ ደቂቃ ማንኪያውን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየው። የተቀረጸ ነገር የለበትም። መለሰላትና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጣት። ቀጥሎ የልጅቷን የክኒን ሳጥን አስከፈተ፤ ክኒኖቹን አንድ በአንድ አየ።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ «ክኒን ላይ የሃይድሮሊክስ ቀመር መጻፍ የሚችል ሰው ካለ እኮ ያለ ፈተና ዲግሪ ይገባዋል።»

«አለ። አንድ ዓመት ታግዷል።»

ሦስት ሰዓት ላይ ጀመሩ። ማብቂያው ስድስት ሰዓት ነው። ልጅቷ አቀርቅራ ትጽፋለች፤ ጋሼ ደቂቃ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያያታል። ለሦስት መቶ ሰው ይበቃ የነበረው ጥርጣሬ አሁን ሁሉም አንዲት ልጅ ላይ ወረደ። አንድ ሰዓት ከምናምን እንዲህ አለፈ።

አራት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኗ ጣሪያው ጥግ ላይ ተተከለ። የቀኝ እጇ ጣቶች የግራ እጅጌዋን ጫፍ መቆንጠር ጀመሩ፤ ይቆነጥራሉ፣ ይለቃሉ፣ መልሰው ይቆነጥራሉ። የጋሼ ደቂቃ ልብ በደስታ ዘለለ። እጅጌ! ይህን ሁሉ ጣጣ አምጥታ የደበቀችው እንደ ማንም ሰነፍ እጅጌዋ ውስጥ ነው!

«ተያዝሽ!» ብሎ ብድግ አለ።

ልጅቷ አልሰማችውም። ከጉሮሮዋ ክፍሉን የሰነጠቀ ድምፅ አወጣችና ከነወንበሯ ወደ ጎን ተገነደሰች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ጋሼ ደቂቃ ግን ማስረጃ ልትደብቅ የወደቀች ተፈታኝ ስንት ጊዜ አይቷል። ጠረጴዛውን ጎትቶ ግድግዳው ጋ አደረሰው፤ ወንበሩን አነሣው፤ ወለሉ ላይ የተበተኑትን እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና ካልኩሌተር ለቅሞ በኤግዚቢትነት ለብቻ አስቀመጠ። ከሥሯ የገባ ወረቀት እንዳለ ለማየት በኮቷ ትከሻ ይዞ በጎኗ አዞራት። የለም። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ እንደሆነስ? ሴት ተፈታኝን ወንድ አይፈትሽም፤ ስለዚህ በማስመሪያ ጫፍ ሻርፗን ከአንገቷ ላይ አላላው። የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኸው ነው።

ያኔ ፊቷን አየ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ከአፏ ዳር ደም የነካው አረፋ ይወርዳል። መላ አካሏ እየተንዘፈዘፈ ነው፤ ይህን ማንም ሰው፣ ለሃይድሮሊክስ ቀርቶ ለነፍሱም ቢሆን፣ አስመስሎ ሊያደርገው አይችልም።

ጋሼ ደቂቃ ደነገጠ። አፈረም፤ የትኛው እንደሚብስ ግን መለየት አቃተው። ማንም እንዲነካበት የማይፈቅደውን ኮቱን አውልቆ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን አንድ ነገር አደረገ፤ አጠገቧ ተንበርክኮ ሰዓቱን አየና ጻፈ።

ውጭ ደግሞ እናትየዋ ያንን ድምፅ ሰምታለች። ያንን ድምፅ የምታውቅ እናት በር አይበግራትም። ጥበቃው፣ ሁለት የጽዳት ሠራተኞችና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባልዲ ውሃ የያዘ ሰው ተከትለዋት በሩን ገፉት። ጋሼ ደቂቃ ሮጦ በጀርባው ደገፈው።

«ክፈት! ልጄን!»

«ፈተና ላይ ነን!»

«ማንኪያው! ማንኪያውን አስገባልኝ!»

«ማንኪያ ለዚህ ፈተና ከተፈቀዱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የለም!»

እናትየዋ በሕይወቷ ብዙ ክፉ ሰው አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየችም። ረገመችው። ጥበቃው በትከሻው በሩን መታው። ጋሼ ደቂቃ እግሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከልጅቷ ሳይነቅል ቆመ። ለምን እንደማይከፍት ራሱም አያውቅም፤ የፈተና ክፍል በር በፈተና ሰዓት አይከፈትም፣ ሌላ የሚጨበጥ ነገር አልነበረውም።

አራት ሰዓት ከአርባ አራት ሊሆን አሥር ሰከንድ ሲቀር መንቀጥቀጡ ቆመ። ልጅቷ ረዥም ትንፋሽ ሳበችና እንቅልፍ ውስጥ ገባች። ጋሼ ደቂቃ በሩን የአንድ መዳፍ ያህል ከፈተው።

«ትተነፍሳለች?» አለች እናትየዋ፤ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

«ትተነፍሳለች። በደቂቃ አሥራ ሰባት ጊዜ።»

እናትየዋ ጥበቃውን ምክትል ዲኑን እንዲጠራ ላከችው።

ልጅቷ ቀስ እያለች ነቃች። ጋሼ ደቂቃ ደግሞ ተፈታኝ ከመቀጠሉ በፊት ማንነቱ መረጋገጥ አለበት ብሎ ስሟን፣ የመታወቂያ ቁጥሯንና የፈተናውን ስም ይጠይቃታል። መጀመሪያ ስትጠየቅ «እማዬ» አለች። ከአራት ደቂቃ በኋላ የመታወቂያ ቁጥር ብላ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ነገረችው። ቀጥሎ ስሟን በትክክል ተናገረች፣ ፈተናው ግን «ሙዚቃ» ነው አለች። አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ሦስቱንም በትክክል መለሰችና፣ «ሃይድሮሊክስ… ወይኔ! ሃይድሮሊክስ!» ብላ ራሷን ያዘች። ጋሼ ደቂቃ ጻፈው።

ምክትል ዲኑና አስተባባሪዋ እኩል ደረሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አሁን ኮሪደሩ በሙሉ ረዳት ሆነ። ጋሼ ደቂቃ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ደፉ ላይ ቆሞ የወደቀችበትን፣ መንቀጥቀጡ የቆመበትንና የነቃችበትን ሰዓት ነገራቸው። ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም።

«ነይ ልጄ፣ ነይ ውጪ» አለ ምክትል ዲኑ በለሰለሰ ድምፅ። «ክሊኒክ እንውሰድሽ፣ ትንሽ አየር አግኚ።»

ልጅቷ ገና ድንግዝግዝ እንዳለች ብድግ ብላ ሁለት እርምጃ ተራመደች።

«አንድ እግርሽ ከዚህ ደፍ ካለፈ ፈተናው አለቀ» አለ ጋሼ ደቂቃ ዞር ብሎ ሳያያት።

ልጅቷ ባለችበት ቆመች። ምክትል ዲኑም ደንቡን ከማንም በላይ ያውቀው ነበር፤ ለዚህም ነው ድምፁ የለሰለሰው። ያለ ግርግር፣ ያለ ደብዳቤ፣ በሁለት እርምጃ ጉዳዩ ያልቅለት ነበር።

«እኛ እኮ ለእሷ ደህንነት ብለን ነው» አለ። «የአንድ ተማሪ ሕይወት ከዲግሪ ይበልጣል። ትምህርቷን በክብር ታቋርጥ፣ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት እንሰጣታለን።»

«ይቅርባት!» አለች እናትየዋ እያለቀሰች። «ዲግሪው ይቅርባት፣ ልጄን ብቻ ስጡኝ።»

«እማዬ፣ ከወጣሁ አልመለስም» አለች ልጅቷ ከውስጥ። ምላሷን ነክሳ ስለነበር ቃሉ እየተኮላተፈ ወጣ። «አራት ዓመት ሙሉ ተምሬ የተሳትፎ ወረቀት? እኔ እኮ ሩጫ አልሮጥኩም።»

አስተባባሪዋ የሐኪሙን ደብዳቤ አወጣች፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ነው፣ ነቅታለች፣ መቀጠል ትፈልጋለች፣ የጠፋባት ሰዓት ይመለስላት አለች። ምክትል ዲኑ ደብዳቤውን ሳያየው ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ነገሩ የሕግ ነው። አካሏ እዚህ ነበር፤ አእምሮዋ ግን ክፍሉን ለቆ ወጥቷል። የወጣ ደግሞ አይመለስም።»

«አእምሮ የሚቆጠር ከሆነ» አለ ጋሼ ደቂቃ፣ «በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተቀምጦ ፈተና የጨረሰ ተማሪ የለኝም። እርስዎንም ጨምሮ።»

የምክትል ዲኑ እጅ ወደ ክራባቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ልስላሴው ጠፋ።

«እሺ! ለሃያ ስምንት ደቂቃ መሬት ላይ ሆና ምን እንዳነበበች፣ ምን እንዳየች ማን ያውቃል? ነገ ሌላው ሁሉ ወድቄ ነበር ቢለኝ ምን ልመልስ ነው? እናቷ ደግሞ ልጄ ስትንቀጠቀጥ ቆሞ ሲጽፍ ነበር ትላለች። ምን ነበር የጻፉት? ያንብቡልን።»

ጋሼ ደቂቃ መዝገቡን ገለጠ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ልጅቷ ከኋላው ቆማለች፤ ትሰማለች። መዝለል ያለበት ሦስት መስመር ብቻ ነው። ሦስት መስመር መዝለል ደግሞ ለማን ይከብዳል፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ሙሉ ሪፖርት ዘለው የተሾሙ አሉ። ግንባሩን አላበው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቡን ጠላው። ግን ሦስቱ መስመር ከተዘለሉ የቀረውም ወሬ ነው እንጂ መዝገብ አይደለም። ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ።

«አራት ሰዓት ከአርባ አንድ። ተፈታኟ እጅጌዋን ደጋግማ ትነካካለች። አጤሬራ እያወጣች እንደሆነ ተጠርጥሯል። አራት ከአርባ ሁለት። ተፈታኟ ድምፅ አሰምታ ወደቀች። ማስረጃ ለመደበቅ እንደሆነ ተጠርጥሯል። ጠረጴዛና ወንበር ተነሥቶ ወለሉ ተፈተሸ። እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና ካልኩሌተር ተያዙ። ተፈታኟን በጎኗ በማዞር ሥሯ ታየ። ሻርፗ ላልቶ ጆሮዋ ታየ። ምንም አልተገኘም። አራት ከአርባ ሦስት። ጥርጣሬው ስህተት እንደነበር ተቆጣጣሪው ተረዳ። ተቆጣጣሪው ፈራ።»



«ልጄን ሌባ አልካት!» ብላ እናትየዋ ማንኪያዋን ይዛ ተነሣች። «ሞት አፋፍ ላይ ሆና ኪሷን ስትፈትሽ ነበር!»

«ኪሷን አልፈተሽኩም። ሴት ተፈታኝን ወንድ…» ብሎ ጀመረና ይህ መልስ እንዳልሆነ ገባው። ወደ ልጅቷ ዞረ። «በድዬሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። ይህን ቃል ለተማሪ ተናግሮ ስለማያውቅ አፉ ላይ ከበደው።

 የልጅቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሁሉም ሊሮጥ ተነሣ። እየሳቀች ነበር። ምላሷ እያመማት፣ የተሸረፈ ጥርሷን በእጇ ሸፍና፣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ጋሼ» አለች፣ «አሥር ዓመት ስወድቅ ኖሬያለሁ። ሁሉም ሲያዝንልኝ ነው የኖረው። የጠረጠረኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።»

ምፀት አልነበረም፤ ከልቧ ነው ያለችው።

አስተባባሪዋ ግን መዝገቡን በዓይኗ እየበላችው ነበር። «ቆይ፣ ቆይ! ጠንካራ ዕቃ ከአጠገቧ ተነሥቷል። በጎኗ ዞራለች። አንገቷ ላይ ያለው ላልቷል። አፏ ውስጥ ምንም አልገባም። ሰው አልተሰበሰበባትም። ሰዓቱ ተይዟል። ጋሼ፣ የሰጠሁዎትን ወረቀት አንብበውት ነበር እንዴ?»

«ማህተም የለውም» አለ ጋሼ ደቂቃ።

አስተባባሪዋ ሌላ ጊዜ ልትገረምበት ተወችውና ወደ ምክትል ዲኑ ዞረች። «ምን እንዳነበበች ማን ያውቃል ብለው ነበር። ይኸው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ እንደ እሷ የተፈተሸ ተፈታኝ የለም። ከክፍሉ አልወጣችም፣ ምንም አልተገኘባትም፣ ማንነቷም ተረጋግጧል። በየትኛው አንቀጽ ነው የሚሰርዙት?»

ምክትል ዲኑ አንቀጽ ፈለገ። ኮሪደሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሲፈልግ አየው። አልተገኘም።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሃያ ስምንት ደቂቃ ይጨመርላት።»

ጋሼ ደቂቃ ሰዓቱን አየ። «አርባ ዘጠኝ ነው የሚሆነው። ሃያ ስምንቱን በሽታዋ ወሰደባት፣ ሃያ አንዱን እርስዎ።»

ምክትል ዲኑ ፈርሞ ሄደ። ኮሪደሩም ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፤ እናትየዋ ብቻ አግዳሚው ላይ ቀረች። ጋሼ ደቂቃ ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መለሰ፣ የተያዙትን ዕቃዎች በፊርማ አስረከበ፣ በሩን ዘጋ። ልጅቷ ድካም እየጣላት፣ አንዳንዴ እስክሪብቶዋን እያስቀመጠች ጻፈች። ጋሼ ደቂቃ እንደ ድሮው አያት፤ ግን አሁን የሚያየው ትንፋሿን ነበር። ሁለት ጊዜ ውሃ ላምጣልሽ ሊላት ፈልጎ ተወው።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ላይ ተነሣ።

«ሰዓቱ አልቋል። እስክሪብቶ ይቀመጥ።»

«አንድ መስመር ብቻ ጋሼ! መልሱ ደርሷል፣ መጻፍ ብቻ ነው የቀረኝ!»

አርባ ዘጠኝ ደቂቃ ከአለቃው የነጠቀ ሰው ለአንዲት መስመር ግማሽ ደቂቃ መስጠት አያቅተውም። አዝኖላትም ነበር። ግን ለሌላው ተማሪ ሰጥቶ የማያውቀውን ለእሷ ቢሰጣት፣ ሁለተኛ ጊዜ ስትፈተን እጇን ይዞ ካወጣት ደግ ሰው በምን ይለያል? ወረቀቱን ከእጇ ሥር ሳበው።

ውጤቱ ሲወጣ «ሲ» አገኘች፤ አለፈች። ለዚያች ለቀረችው መስመር ደግሞ የሁለት ገጽ አቤቱታ ጽፋ አስገባች። ያ ግን በኋላ ነው። በዚያን ዕለት በሩን በርግዳ ወጣች። እናትየዋ እንደ ልማዷ ክንዷን ልትይዝ ተንደረደረች።

«ልቀቂኝ እማዬ!» አለች ልጅቷ። «አራተኛውን ጥያቄ አስቀረብኝ እኮ፣ ይሄ ጨካኝ! አንድ መስመር! አንድ መስመር!» እያለች ብቻዋን፣ እግሯን እየመታች፣ ውጭ ለሚጠብቋት ጓደኞቿ ልትነግር በኮሪደሩ ወረደች። ከሩቅ ጓደኞቿ አብረዋት ሲሰድቡት ይሰማል።

እናትየዋ የልጇ ክንድ ያመለጠውን እጇን እንደዘረጋች ወደ ጋሼ ደቂቃ ዞረች።

«ምን ሆና ነው?» አለችው።

«ምንም አልሆነችም» አለ ፖስታውን እያሸገ። «እንደ ማንኛውም ተማሪ ነች።»

እናትየዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ይህችን ቃል ከአንድ ሐኪም አፍ ለመስማት አሥር ዓመት ደጅ ጠንታለች።